የሚያበሩት ቅንጣቶች ባክቴሪያ ይገድላሉ፤ እኛንስ?

በየቴሌግራም ግሩፑ በየጊዜው የሚዞር አንድ ዓይነት ዜና አለ። የአንቲባዮቲክ ዘመን አበቃ፣ ኳንተም ዶት የሚባሉ በብርሃን የሚሠሩ ቅንጣቶች መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ይገድላሉ፣ ሰውን ግን ምንም አያደርጉም ይላል። ከሥሩ የሚያበሩ ብልቃጦች ፎቶ ይለጠፋል፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። ፎቶው የእውነት ነው፤ ያምራልም። ዜናው ግን መጀመሪያው ውሸት፣ መሃሉ እውነት፣ መጨረሻው ደግሞ "እንደ ሁኔታው" የሚባል ዓይነት ነው። ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለዚች "እንደ ሁኔታው" ነው፤ ተመራማሪዎቹም አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያጠፉት እሷ ላይ ነው።

የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ነገር፣ ኳንተም ዶት ምንድን ነው?

እጅግ በጣም ትንሽ ክሪስታል ነው። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ናኖሜትር ነው። አንድ ናኖሜትር ማለት አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ሲካፈል ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ርዝመቱ 2,000 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከጫፍ እስከ ጫፉ ለመድረስ 5 ናኖሜትር የሆኑ 400 ዶቶችን መደርደር ይጠይቃል። ባክቴሪያው ራሱ ደግሞ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም።

ነገሩ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። አሌክሲ ኤኪሞቭ በ1981 ቀለም ባለው መስታወት ውስጥ አገኘው። ሉዊስ ብሩስ ከሁለት ዓመት በኋላ ፈሳሽ ውስጥ አየው። ሙንጂ ባዌንዲ ደግሞ በ1993 መጠናቸው እኩል የሆኑ ዶቶችን በጥራት የመሥሪያ ዘዴ አመጣ። ሦስቱ በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈሉ። መርካቶ ቲቪ ስትገዙ ሻጩ "ይሄኮ ኪውኤልኢዲ ነው" እያለ ዋጋውን የሚቆልለው በዚሁ ግኝት ነው፤ "ኪው" የምትለዋ ፊደል ኳንተምን ነው የምትወክለው።

ለምንድን ነው የሚያበራው?

ባንክ ብር ስታስገቡ ቴለሯ አንዳንዴ ኖቱን ሐምራዊ መብራት ሥር አድርጋ ታያለች አይደል? ያ መብራት አልትራቫዮሌት ነው። ዓይናችን አያየውም ማለት ይቻላል፤ አንዳንድ ነገሮች ግን እሱን ይውጡና በምትኩ እኛ የምናየውን ብርሃን ይተፋሉ። ይህ ፍሎረሰንስ ይባላል። ቶኒክ እንኳን በዚያው መብራት ሥር ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ ውስጡ ኪኒን ስላለ ነው፣ ያው የጥንቱ የወባ መድኃኒት።

ኳንተም ዶትን ልዩ የሚያደርገው ቀለሙ በመጠኑ መወሰኑ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ውስጡ ያለ ኤሌክትሮን ጉልበት አግኝቶ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ተመልሶ ሲወርድ ያገኘውን ጉልበት ብርሃን አድርጎ ይለቃል። ዶቱ ትንሽ ከሆነ ኤሌክትሮኑ መንቀሳቀሻ ያጣል፣ ሲጠበው ደግሞ ጉልበቱ ይጨምራል። አዝማሪ ማሲንቆ ሲጫወት አስቡት፤ ጭራው ያው አንድ ጭራ ነው፣ ግን በጣቱ ባሳጠረው ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ሲለቀው ይወፍራል። ዶቱም እንዲሁ ነው፤ ሲያንስ ወደ ሰማያዊ፣ ሲተልቅ ወደ ቀይ። ንጥረ ነገሩ አልተቀየረም፤ የተቀየረው መጠኑ ብቻ ነው።

ከባክቴሪያ ጋር ምን አገናኘው?

ያገናኘው ችግር ነው። መሃል ከተማ ውስጥ አንድ ፋርማሲ በር ላይ ትንሽ ቆም ብትሉ ማዘዣ ሳይዝ "አሞክሳሲሊን አለ?" የሚል ሰው አታጡም። ጉንፋን ነው፤ ጉንፋን ደግሞ ቫይረስ ስለሆነ አሞክሳሲሊን ምንም አይፈይድለትም። ሌላው ሰባት ቀን ውሰድ ተብሎ በሦስተኛው ቀን ሲሻለው ያቆማል፣ የቀረውን ለጎረቤት ያካፍላል። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ሴፍትሪያክሶን አለ፤ አልጋ ይዞ የወጣ ሰው ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። ባክቴሪያዎቹም አውቀውታል፤ እሱንና መሰሎቹን የሚቆራርጥ ኢንዛይም የሚያመርቱ ዝርያዎች ዓለምን አዳርሰዋል።

በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል። የሞት መጠኑ ከሁሉ የከፋው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ፣ በተለይ በምዕራቡ ክፍል ነው። ስለዚህ ባክቴሪያን በሌላ መንገድ የሚመታ ነገር ሲገኝ ሰው ቢጓጓ አይፈረድበትም።

ታዲያ በምን ይገድላል?

አንቲባዮቲክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የተወሰነ ቦታ ነው የሚመታው። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ የባክቴሪያውን የሴል ግድግዳ የሚገነባውን ፕሮቲን ይይዙታል። ባክቴሪያው ያንን ፕሮቲን ከቀየረ ወይም መድኃኒቱን መቁረጥ ከቻለ፣ አለቀ፣ ተላመደ ማለት ነው። ኳንተም ዶት ግን ብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ነው የሚነካው።

ዋናው መንገዱ ኦክስጅን ነው። ብርሃን ሲያርፍ ኤሌክትሮኑ ከፍ ይላል ብለናል። ያ ኤሌክትሮን ወደ ቦታው ከመመለስ ይልቅ አጠገቡ ላለ የኦክስጅን ሞለኪውል ሊሰጥ ይችላል። ኤሌክትሮን የተጨመረለት ኦክስጅን ሱፐርኦክሳይድ ይባላል። ከሱፐርኦክሳይድ ደግሞ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይመጣል፣ ያ ቁስል ላይ ሲያፈሱት አረፋ የሚደፍቀው ፈሳሽ። ከዚያም የባሱ አሉ። በጅምላ ጠበኛ የኦክስጅን ዓይነቶች እንበላቸው፤ ያገኙትን ስብ፣ ፕሮቲን፣ ዲኤንኤ ሁሉ ያበላሻሉ።

ሁለተኛው መንገድ ብርሃን አይፈልግም። የባክቴሪያ ውጫዊ ገጽ ከእኛ ሴል ይበልጥ ነጋቲቭ ቻርጅ አለው። ዶቱን ፖዘቲቭ ቻርጅ ባለው ነገር ከሸፈኑት ሄዶ ይለጠፍበታል፣ ሽፋኑን ይቀደዋል፣ የውስጡ ይፈሳል። ሦስተኛው መንገድ መሟሟት ነው፤ እንደ ዚንክና ካድሚየም ያሉ ብረቶች ከዶቱ ቀስ እያሉ ይለቀቁና ባክቴሪያውን ይመርዙታል።

እዚህ ላይ ብዙ ዜና የሚዘለው አንድ ነገር አለ። ዶቱ የዋጠው ብርሃን ያው አንድ ነው። ወይ ብርሃን ሆኖ ይመለሳል፣ ወይ ለኦክስጅን ይሰጣል፣ ወይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሁለት ቦታ አይከፈልም። ስለዚህ በጣም የሚያበራው ዶት የግድ ጎበዝ ገዳይ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ለማብራት ያዋለውን ጉልበት ለመግደል አጥቶታል። ከዋጠው ብርሃን ምን ያህሉን መልሶ እንዳበራ የሚለካው ቁጥር ኳንተም ይልድ ይባላል። ላብራቶሪ ውስጥ ማነጻጸሪያ ሆኖ የሚቀርበው ማን መሰላችሁ? ኪኒን ነው። አሲድ ውስጥ የሟሟ ኪኒን ሰልፌት 54 በመቶውን መልሶ እንደሚያበራ ስለሚታወቅ፣ በተለይ ሰማያዊ የሚያበራ አዲስ ዶት የሠራ ሁሉ ከእሱ ጎን አስቀምጦ ይለካል።

ማብራቱ ለምን ይጠቅማል ታዲያ? ለማየት። ቅንጣቱ ባክቴሪያው ላይ ተለጠፈ ወይስ ሰተት ብሎ የኛ ሴል ውስጥ ገባ የሚለውን ማይክሮስኮፕ ሥር በዓይን መከታተል ይቻላል። ተራ መድኃኒት እንዲህ ራሱን አያሳይም።

"92 በመቶ ገደለ" ሲባል ብዙ ነው?

ብዙ ሰው የሚጠቅሰው በ2016 የወጣውን የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከካድሚየምና ከቴሉሪየም የተሠሩ ዶቶችን ወሰዱ፣ መጠናቸውን አስተካክለው የሚሰጡትን ጉልበት 2.4 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ አደረጉት፤ ኤሌክትሮን ቮልት የጥቃቅን ነገሮች ጉልበት መለኪያ ነው። ሐሳቡ ቆንጆ ነው፤ ጉልበቱን በልክ ካደረግከው የሚፈጠረውን የኦክስጅን ዓይነት መምረጥ ትችላለህ፣ የኛ ሴል ሊቋቋመው የሚችለውን፣ ባክቴሪያው ግን የማይችለውን። ከበሽተኞች በተወሰዱ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ላይ በብርሃን ሞከሩት። 92 በመቶውን ገደለ።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ ከነበረ 80,000 ተርፏል ማለት ነው። ኢ. ኮላይ ከተመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። 80,000 የነበረው 160,000፣ ከዚያ 320,000፣ ከዚያ 640,000፣ ከዚያ ከሚሊዮን ያልፋል። አራት ጊዜ እጥፍ፤ አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ላብራቶሪ ውስጥ አንድን ነገር ደፍረው ባክቴሪያ ገዳይ የሚሉት ቢያንስ 99.9 በመቶውን ሲገድል ነው፤ ከሚሊዮን አንድ ሺህ ሲቀር ማለት ነው። በ92 እና በ99.9 መካከል ያለው ልዩነት በወሬ ስምንት ነጥብ ይመስላል፤ በተረፉት ቁጥር ግን 80 እጥፍ ነው።

ይህን ያልኩት ጥናቱን ለማጣጣል አይደለም። ዶቱ መብራቱ እስካለ ድረስ ሥራውን ይቀጥላል፣ ሰውነታችንም የራሱ መከላከያ አለው። እነዚያው ተመራማሪዎች በ2017 ዶቱን ከአንቲባዮቲክ ጋር አጣምረው ሞክረው፣ መድኃኒቱ ተላምደውት የነበሩት ባክቴሪያዎች ላይ መልሶ እንዲሠራ አድርገዋል። እኔ በበኩሌ ተስፋ የማደርገው ይሄኛውን መንገድ ነው። አንቲባዮቲክን የሚተካ ሳይሆን የሚያግዝ።

በረኪናም እኮ ይገድላል!

ትክክል። ባክቴሪያ መግደል በራሱ ብርቅ አይደለም። በረኪና ይገድላል፣ አልኮል ይገድላል፣ የፈላ ውኃ ይገድላል። አንዱንም ግን በደም ሥራችሁ አትወጉትም። ስለዚህ "ገደለ" የሚል ዜና ስታነቡ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ በዚያው መጠን፣ በዚያው መብራት ሥር የሰው ሴል ምን ሆነ የሚለው ነው። ለዚህ የተሰጠው ስም ባዮኮምፓቲቢሊቲ ነው፤ በቀላሉ ከሰውነት ጋር መስማማት ማለት ነው።

"በዚያው መጠን" የምትለዋን አጥብቄ የያዝኩት በምክንያት ነው። አንዳንድ ጥናት ባክቴሪያውን በከፍተኛ መጠን ይገድልና የሰው ሴሉን በዝቅተኛ መጠን ይፈትሻል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ያታልላሉ። ሌላው ደግሞ ባክቴሪያውን ብርሃን ውስጥ፣ የሰው ሴሉን ጨለማ ውስጥ ይሞክራል። በብርሃን የሚገድል ነገር በጨለማ ባይጎዳ ምን ይደንቃል?

ለማወቅ ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ የባክቴሪያው በኩል። ካልቸር፣ ያ ባክቴሪያን አሳድጎ የሚያይ የላብራቶሪ ምርመራ፣ ታዛችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ ቅርብ ነው። ፔትሪ ዲሽ የሚባል ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ባክቴሪያ ይዘራል። በአንደኛው ዲሽ ላይ ምንም አይደረግም። ሁለተኛው መብራት ብቻ ያገኛል። ሦስተኛው ዶት ይጨመርበትና ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። አራተኛው ዶትም መብራትም ያገኛል። ሌሊቱን 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ያድራሉ። ጠዋት ሲከፈት አራተኛው ብቻ ንጹሕ ሆኖ፣ ሌሎቹ ነጫጭ ነጠብጣብ አውጥተው ከተገኙ ጥሩ ነው። ሁለተኛውም ንጹሕ ከሆነ ግን የገደለው መብራቱ ነው፤ አልትራቫዮሌት ብቻውን ባክቴሪያ ይገድላልና፣ ዶቱ ያላደረገውን ነው ክሬዲት የሚወስደው። ሁለተኛውን ዲሽ ያላሳየ ጥናት ካጋጠማችሁ ገጹን ገልጣችሁ ሂዱ።

ከዚያ የሰው ሴል። በጣም የተለመደው ፈተና ኤምቲቲ ይባላል። ሴሎቹ ከዶቱ ጋር ብዙ ጊዜ ለ24 ሰዓት ይቆያሉ፣ ከዚያ ቢጫ ቀለም ይጨመርባቸዋል። በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል፤ የሞተው አይለውጠውም። ሐምራዊው ምን ያህል እንደጠቆረ መሣሪያ ያነባል። ለሕክምና ዕቃዎች በሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት በሕይወት የቀሩት ከ70 በመቶ በታች ከወረዱ ነገሩ መርዛማ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይመዘገባል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ዶቶቹ ራሳቸው ቀለም አላቸው፣ ያበራሉም፣ ስለዚህ ንባቡን ሊያዛቡት ይችላሉ። ጠንቃቃ ላብራቶሪ ሴል የሌለበት፣ ዶት ብቻ ያለበት አንድ የመፈተሻ ጉድጓድ (የሳህኑ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ) ጨምሮ፣ የዶቱን ንባብ ከጠቅላላው ላይ ይቀንሳል።

ሌላው የደም ፈተና ነው፤ በዓይን ስለሚታይ እኔ እሱን እወደዋለሁ። ቀይ የደም ሴሎች ከዶቱ ጋር ይቀላቀሉና ሴንትሪፉጅ በሚባል በፍጥነት የሚያሽከረክር መሣሪያ ውስጥ ይሽከረከራሉ። ጤነኛ ሴሎች ከታች ይረጋሉ፣ ከላይ ያለው ፈሳሽ ጥርት ይላል። ሴሎቹ ከፈነዱ ግን ሄሞግሎቢናቸው ይወጣና ፈሳሹ ይቀላል። የፈነዳው ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ብዙዎቹ ይቀበሉታል።

ካድሚየም ያስፈራል የሚባለው ለምንድን ነው?

ስለሚያስፈራ ነው። በደንብ የሚያበሩት የመጀመሪያዎቹ ዶቶች በካድሚየም ነው የተሠሩት፤ ያ የኮሎራዶውም ጭምር። ካድሚየም ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ብረት ነው። ሰውነት ከገባ ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል፣ ግማሹ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ከ10 እስከ 30 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ጃፓን ቶያማ ውስጥ ከማዕድን ማውጫ በወንዝ አድርጎ ሩዝ ማሳ የገባ ካድሚየም የብዙ ሰዎችን ኩላሊትና አጥንት አበላሽቷል። የአውሮፓ ኅብረትም በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ክፍሎች ውስጥ በክብደት ከ0.01 በመቶ በላይ እንዳይኖር የከለከለው ለዚህ ነው።

ካድሚየም ያለበት ቲቪ ቢሆን እንኳን ዶቱ ፕላስቲክ ፊልም ውስጥ ታሽጎ ነው ያለው፤ ቁጭ ብሎ ድራማ ማየት ምንም አያመጣም። ሰውነት ውስጥ ግን እሽግ የለም። በ2004 የወጣ ጥናት ካድሚየም ሴሌናይድ ዶቶች አየር ወይም አልትራቫዮሌት ሲያገኛቸው ገጻቸው እንደሚበላሽ፣ ካድሚየሙ እንደሚወጣ፣ የጉበት ሴሎችም እንደሚሞቱ አሳየ። በዚንክ ሰልፋይድ ሲለበጡ መርዛማነቱ ቀነሰ። ልብ በሉ፣ ባክቴሪያ ለመግደል የምንጠቀመው ራሱ ብርሃን ነው ዶቱን የሚያበላሸው።

በ2012 ደግሞ በዚንክ ሰልፋይድ የተለበጡ ዶቶች ለጦጣዎች በደም ሥር ተሰጡ። ለ90 ቀን ሲታዩ ደህና ነበሩ፣ የደም ምርመራቸውም ጤነኛ ነበር። ካድሚየሙ ግን አብዛኛው አልወጣም፤ ጉበት፣ ጣፊያና ኩላሊት ውስጥ ተገኘ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንደሚባለው፣ 90 ቀን ለካድሚየም ገና መጀመሪያው ነው።

ከሎሚ አሲድና ከዩሪያ የሚሠራውስ?

አሁን ብዙው ምርምር ወደዚህ ዞሯል። ካርቦን ዶት ይባላል። በ2004 ሌላ ነገር ሲያጣሩ የነበሩ ኬሚስቶች በአጋጣሚ ነው ያገኙት። አሠራሩ ያስቃል፤ ሲትሪክ አሲድ፣ ያ የሎሚው፣ ከዩሪያ ጋር፣ ያ ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው፣ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ማይክሮዌቭ ይገባል፣ ወይም በጥብቅ በሚዘጋ የብረት ዕቃ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ለሰዓታት ይበስላል። የሚወጣው ቡናማ ፈሳሽ ነው። አልትራቫዮሌት ሲበራበት ያ ቡናማ ፈሳሽ ቦግ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ።

ካድሚየም የለበትም፣ ርካሽ ነው፣ አራት ኪሎ ያለ ተራ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ሊሠራው የሚችል ነው። በሴል ፈተናም በአብዛኛው ከካድሚየሙ በጣም የተሻለ ውጤት ያመጣል። ቀለሙ ግን በመጠን ብቻ አይወሰንም፤ ገጹ ላይ የተለጠፉት ነገሮችም ይወስኑታል፣ ስለዚህ የማሲንቆው ሕግ እዚህ ሙሉ በሙሉ አይሠራም።

"ከሎሚ ስለተሠራ አይጎዳም" የሚለው ወሬ ግን ልክ አይደለም። ሲበስል ከዶቱ ጋር ሌሎች የሚያበሩ ትናንሽ ሞለኪውሎችም አብረው ይፈጠራሉ። በደንብ ካልተጣራ የሚያበራውም የሚገድለውም ዶቱ ይሁን ትርፍራፊው አይታወቅም። የሚጣራው በዳያሊሲስ ነው፤ የኩላሊት ሕመምተኞች ከሚያውቁት ጋር መርሁ አንድ ነው፣ ትናንሹ በቀዳዳው ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል። ደግሞ ባክቴሪያ እንዲገድል ብለው ፖዘቲቭ ቻርጅ ባለው ፖሊመር (እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ ረጅም ሞለኪውል) ሲሸፍኑት፣ ያው ፖሊመር መጠኑ ሲጨምር የኛንም ሴል ሽፋን ይቀዳል። ገዳይነቱንና ተስማሚነቱን የሚወስነው ያው አንድ ልባስ ነው፤ አንዱን ስትጨምር ሌላው ይቀንሳል።

ከገባ በኋላ ይወጣል?

መጠኑን ይጠይቃል። በ2007 ባዌንዲ ራሱ የተሳተፈበት የአይጥ ጥናት ድንበሩን አገኘው፤ ከነልባሱ ከ5.5 ናኖሜትር በታች የሆነ ዶት በኩላሊት አልፎ በሽንት ይወጣል። ከዚያ በላይ የሆነው ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ይቀመጣል። ደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ደግሞ ዶቱ ላይ እየተለጠፉ ያሳድጉታል፣ ስለዚህ ፕሮቲን የማይዝ ልባስም ያስፈልጋል።

የብርሃኑ ነገርስ?

አልትራቫዮሌትና ሰማያዊ ብርሃን ቆዳ ውስጥ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ሄደው ይደክማሉ። ሳንባ ውስጥ ያለ የሳንባ ምች፣ ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን በዚህ መንገድ አይደረስበትም። ወደ ቀይና ከቀይ ወዲያ ያለው ብርሃን ጠለቅ ይላል፣ ግን ጉልበቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ ነገሩ በቅርቡ የሚያዋጣው ብርሃን የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው፤ ቃጠሎ፣ የቆዳ ቁስል፣ ድድ፣ ወይም የካቴተር፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ የሚገባ የሕክምና ቱቦ፣ ገጽ። (መብራት ሲሄድ ሕክምናውም አብሮ ይሄዳል ማለት ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ይሄን ሳይጠይቅ አያልፍም። በባትሪ የሚሠራ ኤልኢዲ ይበቃል።)

ታዲያ ፋርማሲ መቼ ይገባል?

ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ ኳንተም ዶት የሆነ አንቲባዮቲክ የለም። እዚህም የለም፣ ውጭም የለም። እስካሁን ያወራነው አብዛኛው ከዲሽና ከአይጥ አላለፈም። ቀድሞ የሚመጣው የቁስል ማሸጊያ ወይም የካቴተር ልባስ ሊሆን ይችላል፤ ደም ውስጥ ስለማይገባ ፈተናው ይቀላልና። "ናኖ" ተብሎ በቴሌግራም የሚሸጥ ቅባት ካያችሁ ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም።

ባክቴሪያዎቹ ይህንንስ አይላመዱትም?

ብዙ ቦታ ስለሚመታ መላመዱ ይከብዳል፤ ይህ እውነት ነው። አይላመዱም ማለት ግን አይደለም። ሱፐርኦክሳይድን የሚያከሽፍ ኢንዛይም ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች አላቸው፣ እኛም አለን። ብርን፣ ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ የሚያህል ጥንታዊ ፀረ ባክቴሪያ እንኳን በ1975 ቦስተን ውስጥ በአንድ የቃጠሎ ክፍል ብር የማይበግረው ሳልሞኔላ ተገኝቶበታል። በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ ኢ. ኮላይን ለብር ናኖ ቅንጣቶች ደጋግሞ አጋለጠው። ባክቴሪያዎቹ ፍላጀሊን የሚባል ፕሮቲን ወደ ውጭ ማምረት ጀመሩ፤ ቅንጣቶቹ በፕሮቲኑ እርስ በርስ ተጣብቀው ጓል ሠሩና ሥራ ፈቱ። ተመራማሪዎቹ ይህን ያስቆሙት ከሮማን ልጣጭ በወጣ ጭማቂ ነው፤ ፍላጀሊኑ እንዳይመረት ስላደረገ ቅንጣቶቹ መልሰው መግደል ጀመሩ።